የአሳል ስንጥቅና የእትዬ ዘውዴ ግድግዳ

ወደ ጅቡቲ የሄድኩት ለአሳል ሐይቅ ብዬ ነበር። አሳል ከባሕር ወለል በታች የተኛ የጨው ሐይቅ ነው፤ ዙሪያውን መሬቱ እየተሰነጠቀ ይራራቃል። ሥነ ምድር አስተማሪ ነኝና የትኛው ስንጥቅ ዛሬም እንደሚንቀሳቀስ፣ የትኛው እንደተኛ ማየት ፈለግሁ። ሌላ ሥራ የጨመረብኝ የአክስቴ ልጅ ዳዊት ነው። ለቡ ባቡር ጣቢያ ሸኝቶኝ ሻንጣዬን ሲያቀብለኝ፣

«እዚያ ያለውን የእማዬን ቤት ግድግዳ እይልኝ» አለኝ። «ተሰንጥቋል ይላሉ። አደጋ ካለው አዲስ አበባ አመጣታለሁ። እኔን አትሰማኝም፤ አንቺን ትሰማሻለች።»

ናጋድ

ከድሬዳዋ በኋላ ተሳፋሪው ሁሉ ሹራቡን አወለቀ። ጅቡቲ፣ ናጋድ ጣቢያ ስወርድ እርጥበቱ መነጽሬን ሸፈነው። የታክሲው ሾፌር አማርኛ የሚችል ሶማሌ ነበር፤ የጠራውን ፍራንክ ስሰማ አዲስ አበባ ሊመልሰኝ መሰለኝ። ተከራክረን በግማሹ ተስማማን።

አክስቴ፣ የዳዊት እናት እትዬ ዘውዴ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት እዚሁ ነው። ማዕከላዊ ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው አሁን ካርቲዬ 2 በሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ቤቱ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠራ ነው። ስንጥቁ በመኝታ ክፍላቸው፣ በባሕሩ በኩል ባለው ማዕዘን ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች እየጠበበ ይወርዳል።

«ይሄ ለዳዊት ወሬ ሆነ?» አሉ። «እኔ ልጄ፣ ከዚህ ቤት የትም አልሄድም።»

ስንጥቁ ላይ አቋርጬ ጀሶ ለጠፍኩበት። ስመለስ ጀሶው ከተሰበረ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። እንዳይነኩት ነገርኳቸው፤ «ውይ፣ ምን አገባኝ» አሉ።

አሳል

በማግስቱ ከተከራየሁት መኪና ሾፌርና ከአንድ መሪ ጋር የከተማውን መውጫ ፔካ 12ን አልፈን፣ የአገራችንን የጭነት መኪናዎች ሰልፍ ትተን ወደ ምዕራብ ታጠፍን። ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያም ጥቁር ድንጋይ። ሐይቁ ነጭ የጨው ጠርዝ ይዞ ከታች ብቅ ሲል ሾፌራችን እንኳ መኪናውን አቁሞ አየ።

ከሐይቁ በላይ፣ ገደሉ ላይ፣ ውኃው ድሮ ከፍ ብሎ በነበረ ጊዜ የተወው ነጭ ደለል አለ። ስንጥቁ ደለሉን ከቆረጠው፣ መሬቱ የተንቀሳቀሰው ከደለሉ በኋላ ነው። ደለሉ ሳይቆረጥ ከላዩ ካለፈ ግን ስንጥቁ ከዚያ ወዲህ ተኝቷል። እዚያ ድንኳን ተክለን የሰነበትነው ይህን ለማየት ነው። ደስ ብሎኝ ሠራሁ።

ከተማ ስንመለስ የየመን ምግብ ቤት ገብቼ በምድጃ የተጠበሰ ዓሣ በላሁ። ሁዳዴ ስለነበር ለእትዬ ዘውዴ አልነገርኳቸውም። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር በዚያ ሙቀት አልችለውም።

ካርቲዬ 2

መኝታ ክፍሉ ስገባ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር በኖራ ነጥቷል። ጀሶዬ የለም፤ ስንጥቁም የለም።

«ምን አደረጉ?»

«ፋሲካ ደረሰ አይደል? በየዓመቱ እቀባለሁ።»

ተናደድኩ። ዳዊትን ምን ልለው ነው? ከዚያ «በየዓመቱ» ያሉት ጆሮዬ ላይ ቀረ። ቢላ ተቀብዬ ስንጥቁ የነበረበትን ቀስ ብዬ መፋቅ ጀመርኩ። ከነጩ በታች ሌላ ነጭ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ።

«ሰማያዊው የዳዊት ክርስትና ጊዜ ነው» አሉ ከኋላዬ፤ ድምፃቸው ግን ቀዝቅዟል።

ሰማያዊው ተቆርጧል። አረንጓዴውም። ነጮቹም አንድ በአንድ። ሳይቆረጥ ያለፈው የዚህ ሳምንቱ ብቻ ነው። ቢላውን አስቀመጥኩ።

«ሁልጊዜ ይከፈታል አይደል?»

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ልጆቼ ለበዓል ከመምጣታቸው በፊት እደፍነዋለሁ። ካዩት ይወስዱኛል። እናቴም አባቴም የተቀበሩት እዚህ ነው። እዚያ ማንን አውቃለሁ?»

መዋሸት ግን አልቻልኩም። የአሳል ዓይነት የመሬት ስንጥቅ እንዳልሆነ፣ የሚሰምጠው ማዕዘኑ ብቻ እንደሚመስለኝ፣ ድንጋዩንም ጨው እንደበላው ነገርኳቸው። መሐንዲስ ሳያየው እዚህ ክፍል መተኛት እንደሌለባቸውም ጨመርኩ።

«እስክሞት ይቆይልኛል?» አሉ ግድግዳውን እያዩ።

የእኔ ሙያ በሺህ ዓመት ነው የሚቆጥረው፤ የአንድን ሰው ቀሪ ዕድሜ አይለካም። «አላውቅም» አልኳቸው። «እንዳናውቅ የሚያደርገን ግን ኖራዎ ነው።»

ከአልጋው ተነሥተው «በይ፣ አልጋውን ያዢ» አሉ። ጎትተን በመንገዱ በኩል ወዳለው ክፍል አዛወርነው።

መመለሻ

ዳዊት ለቡ ሲቀበለኝ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ እናቱ የፈሩትንም ጭምር። መሐንዲስ ሊልክ፣ ሊወስዳቸው ግን ላይቸኩል ተስማማን። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ስንጥቅ ከመለካቴ በፊት ማን ለምን እንደሸፈነው መጠየቅ ነው።

ለፋሲካ እትዬ ዘውዴ ፎቶ ላኩልኝ። ቤቱ በሙሉ አዲስ ኖራ ተቀብቷል። በማዕዘኑ ላይ ግን ከጣሪያ እስከ ወለል አንድ ጠባብ መስመር ተፍቆ ሳይቀባ ቀርቷል፤ ስንጥቁ ክፍት ነው፣ ልጆቹም ሁሉ ከፊቱ ቆመው ይታያሉ።