ያልተወረወረችው ኳስ

አጎቴን ይቅር በዪው ይሉኛል። ኧረ ወዲያ! ይቅርታ ለጠየቀ ሰው ነው።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር የጨርቅ ሱቅ አለው። ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን አሮጌ የፒንግፖንግ ጠረጴዛ ዘርግቷል። ከጠረጴዛው በላይ ትልቅ ማራገቢያ ይሽከረከራል። በጅቡቲ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ማራገቢያ ማጥፋት ሰው መግደል ነው። ታዲያ ኳሷን ወደ ላይ ቢወረውሯት ነፋሱ ይዟት ይሄዳል። ስለዚህ አጎቴ ሰርቭ፣ ማለትም ጨዋታ የሚጀመርበትን ምት፣ ያስተማረኝ ኳሷን በጣቶቼ ጫፍ ይዤ፣ ሳልወረውር፣ ከእጄ ላይ እንድመታ ነው። «መጀመሪያ በአንቺ በኩል ትንጠር፣ ከዚያ መረቡን አልፋ በእሱ በኩል ትንጠር፤ ሌላው ወሬ ነው» ይለኝ ነበር። በጣቶቼ ሳሾራት ተቀባዩ ወዴት እንደምትዞር አያውቅም። መጋዘኑ ውስጥ ያልረታሁት ወንድ አልነበረም፤ ወላሂ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት የሰፈሩ ነጋዴዎች ድሬዳዋ ሄዶ የወዳጅነት ጨዋታ የሚያደርግ ቡድን እናቋቁም አሉ። ከሴቶች የምትሄደው አንዲት ብቻ ነች። እንቅልፍ አጣሁ። ድሬዳዋ ያለው አባቴ «ፒንግፖንግ ለሴት ምን ያደርግላታል?» ሲለኝ ነው የኖረው። የቡድኑን ነገር በስልክ ስነግረው ግን «ከመጣሽማ ቁጭ ብዬ አይሻለሁ» አለኝ። ለዚህች ቃል ስል ሌላውን ሁሉ ትቼ ስለማመድ ከረምኩ።

ማጣሪያው ቡላኦስ ሰፈር፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ተጋጣሚዬ ከዋራበሌ ሰፈር የመጣች አስተማሪ ነች። የመጀመሪያውን ሰርቭ ገና ስመታ ዳኛው በፈረንሳይኛ «ፎት!»፣ ጥፋት ነው፣ ብሎ እጁን አነሳ። ምን አጠፋሁ? ኳሷ በተዘረጋ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ቢያንስ አሥራ ስድስት ሳንቲሜትር ወደ ላይ ትወረወራለች፣ ስትወርድ ትመታለች አለኝ። ደሜ ፈላ። ለእሷ አድልተህ ነው ብዬ ጮህኩበት። እንደለመድኩት ደግሜ መታሁ፤ ነጥቡ ለእሷ። እሺ ልወርውር ብዬ ስሞክር ደግሞ ኳሷ በአንድ በኩል፣ ራኬቴ በሌላ በኩል። ሰው ሳቀብኝ። ተሸነፍኩ።

አጎቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አብሮኝ ዳኛውን የሚረግም መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሕጉማ እንደዚያ ነው» አይለኝ መሰላችሁ!

«ታውቅ ነበር?»

«እንዴት አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ማራገቢያው ይጥፋ ልትዪ ነዋ! ያን ሙቀት ማን ይችለዋል?»

የሰው ጉድ! ለእሱ ላብ ሲባል የእኔ ልፋት ገደል ይግባ? ጥዬው ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ለአባቴ እውነቱን ልነግረው ደወልኩ። ሰላምታዬን እንኳ አላስጨረሰኝም።

«አጎትሽ ማታ ደውሎ ነግሮኛል። ሕጉን ደጋግሞ አስተምሮሽ እምቢ አልሽ አሉ። ሰው ፊት ስታጭበረብሪ ተያዝሽ? እኔ እንደዚያ ነው ያሳደግኩሽ?»

ስልኩን ሳልዘጋ ወደ ሱቁ ሮጥኩ። አጎቴ ጨርቅ እያጣጠፈ ነበር። ስልኩን እጁ ላይ አስቀምጬ «በአላህ ይዤሃለሁ፣ እውነቱን ንገረው» አልኩት።

ለአፍታ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ «አሎ፣ ወንድሜ! ያ የላክሁልህ ጨርቅ ደረሰህ?» አለ።