የየትምወርቅ ቦርሳና የትሮይ ፈረስ

ባለቤቴ የትምወርቅ ደሴ ተወልዳ፣ እዚያው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምራ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 የዲቪ ዕጣ ደርሷት እኔን ይዛ ወደ ቴክሳስ የመጣች ሴት ናት። ዕጣው የእርሷ እንጂ የእኔ አለመሆኑን አስቀድሜ መጻፌ ተገቢ ነው፤ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛልና። እኔ ሞገስ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍሁ፣ በግራንድ ፕሬሪ በአንድ መጋዘን ዕቃ ተረካቢ ነኝ። የቤተ ክርስቲያናችን መጽሔት አዘጋጆች «በመካከላችን ስላለ አንድ ሰው ሕይወት ጻፉ» ባሉ ጊዜ፣ ስለ እርሷ ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ፈጥኜ ብዕር አነሣሁ።

የትምወርቅ በአረጋውያን መጦሪያ እየሠራች ነርስ ለመሆን ትመኝ ነበር። በ1997 መጸው አርሊንግተን በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ተመዘገበች። ከታሪክ ትምህርት አንዱን መውሰድ ግዴታ ስለ ነበረ የጥንት ግሪክን መረጠች። በዚህ ትምህርት ጥሩ ውጤት ካላገኘች በነርስነት ክፍል የተያዘላት ቦታ ለሌላ ይሰጥ ነበር።

ወደ ኮሌጁ የሚወስድ አውቶቡስ የለም። እኔ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለት ጊዜ ስለ ወደቅሁ መኪና አልነበረንም። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ መኪና ያለው በመንገዱ ያለውን ይጭናል። ለእርሷ የደረሳት ጳውሎስ ነው፤ በዚያው ኮሌጅ የሚማር፣ ያላገባ፣ ጥርሱ የማይከደን ሰው። ማክሰኞና ሐሙስ ሊወስዳት ሲመጣ እኔ ማልጄ ሥራ ገብቻለሁ። ስለዚህ ከፊት ትቀመጥ ከኋላ ለማየት አልቻልሁም።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ጳውሎስ ከእኛ ጋር ምሳ ይበላ ነበር። የትምወርቅ የተማረችውን ታወራለች፤ በማራቶን ሜዳ ፋርሶች እንዴት እንደ ተሸነፉ፣ አቴናና ስፓርታ ሃያ ሰባት ዓመት እንዴት እንደ ተዋጉ። ይህን ሁሉ በደስታ ሰማሁ። አንድ እሑድ ግን እንዲህ አለች፦

«ፓሪስ የሚባል የንጉሥ ልጅ ስፓርታ በእንግድነት ሄደ። ባልየው ምኒላዎስ አክብሮ አበላው፣ አጠጣው። ከዚያ ባልየው ለለቅሶ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ እንግዳው ሚስቱን ሄለንን ይዞ ኮበለለ።»

ጳውሎስ እንጀራውን እየጠቀለለ ሳቀ። «ሶ፣ ጋሽ ሞገስ፣ ለቅሶም አይኬድም ማለት ነዋ!»

«አንተ በየትኛው ወገን ነህ?» አልሁት።

«እኔማ ሹፌር ነኝ!»

የትምወርቅ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያን ቀን ወዲያ ለለቅሶም ቢሆን ከከተማ ወጥቼ አላደርሁም።

በኅዳር ወር ትሮይ ለምን እንደ ወደቀች ድርሰት እንድትጽፍ ታዘዘች። ግሪኮች አሥር ዓመት ከብበው ስላቃታቸው ወታደሮችን በእንጨት ፈረስ ሆድ ደብቀው መሄዳቸውን፣ የትሮይ ሰዎችም ፈረሱን ጎትተው ማስገባታቸውን ነገረችኝ።

«ማን ተረከበው?» አልኋት።

«እንዴት ማለትህ ነው?»

«ወረቀት የለው፣ ላኪው ጠፍቷል፣ ሆዱ አልተፈተሸም። እኛ ዘንድ የጭነት መኪና በር ቁጥር ባለው የፕላስቲክ ማሰሪያ ታሽጎ ይመጣል፤ ማሰሪያውን በእንግሊዝኛ «ሲል» እንለዋለን፤ ካልተቆረጠ አይፈታም። ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ ንጉሥ ቢልከውም አልረከብም።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝና መጻፍ ጀመረች። እንዲያ ማየቷ ደስ አለኝ። ሆኖም በማግሥቱ በስልክ «ልክ ነህ ጳውሎስ፣ እሱን እጨምራለሁ» ስትል ሰማኋት። በእኔ ነገር ላይ እርሱ የሚጨምረው ምንድን ነው?

ሐሙስ ማለዳ ስወጣ ቦርሳዋ በሩ ሥር ተዘጋጅቶ ነበር። ከመጋዘን ያመጣሁትን አንድ «ሲል» ከኪሴ አውጥቼ በሁለቱ የዚፕ ጆሮዎች አሳልፌ አጠበቅሁት። ቁጥሩን በማስታወሻዬ ጻፍሁ። በመንገድ የሚገባ ወይም የሚወጣ ወረቀት ቢኖር እንዲታወቅ ነው። ድርሰቱ ለመምህሯ የሚሰጠው በዚያ ቀን መሆን አለመሆኑን አልጠየቅሁም።

ከሥራ ስመለስ የትምወርቅ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች። ቦርሳው እንደ ታሸገ ከፊቷ አለ።

«ቁጥሩን አንብብ» አለችኝ።

«ድርሰቱስ?»

«ውስጥ ነው። አንብብ አልሁህ።»

ማስታወሻዬን አወጣሁ። 447180። ገጠመ።

«ጳውሎስ ቢላዋ ሰጠኝ። መምህሯ መቀስ አቀረበችልኝ። ብቆርጠው ማን ቆረጠው፣ ምን ወጣ፣ ምን ገባ እያልህ ዕድሜ ልኬን ትጠይቀኛለህ። ስለዚህ ዜሮ ተቀብዬ መጣሁ። በል፣ ጭነትህ ሙሉ ነው፤ ፈርምና ተረከብ።»

ማሰሪያውን ቆረጥሁት። ድርሰቱ አራት ገጽ ነበር። የመጀመሪያውን አንቀጽ በአማርኛ አነበበችልኝ፦ «ባለቤቴ ሞገስ የመጋዘን ተረካቢ ነው። ትሮይ የወደቀችው በሯ ላይ ተረካቢ ስላልነበራት ነው ይላል።»

«መጀመሪያ ‹ባለቤቴ› ብቻ ነበር ያልሁት» አለች። «‹ስሙንም ጻፊው፣ ሐሳቡ የእርሱ ነው› ያለኝ ጳውሎስ ነው።»

ማፈር ይገባኝ ነበር፤ አፈርሁም። ነገር ግን የስሜ አስታዋሽ እርሱ መሆኑ ደግሞ አንገበገበኝ።

ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ አብሬ ሄድሁ። ከፊት የተቀመጥሁት እኔ ነኝ።

«ቀበቶዎን ያድርጉ፣ ጋሽ ሞገስ» አለ ጳውሎስ። «ሳይታሸጉ አልነዳም።»

ከኋላ የትምወርቅ ስትስቅ ሰማሁ፤ ቀበቶዬን አሰርሁ።

የተቆረጠውን «ሲል» በመምህሯ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁ። አራት ቀን ባጠናሁት እንግሊዝኛ «ያሰርሁት እኔ ነኝ። እርሷ አልከፈተችውም። ዜሮው የእኔ ነው» አልሁ። መምህሯ ምክንያቱን ጠየቀችኝ። ቅናት በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበርና የትምወርቅን ጠየቅኋት። ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችኝ። ቃሉን ራሴ አልሁት።

መምህሯ ስለ መዘግየቱ ነጥብ ቀንሳ ድርሰቱን ተቀበለች። የትምወርቅ አለፈች፤ ቦታዋም አልተወሰደባትም። ይህን በምጽፍበት በ1999 ነርስ ለመሆን አንድ ዓመት ቀርቷታል።

እኔም በሦስተኛው ፈተና መንጃ ፈቃድ አገኘሁ፤ የማደርሳት እኔ ነኝ። ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ላይ አልዋሽም። ከትምህርት ስትወጣ ከማን ጋር እንደምትስቅ ከመኪናው ውስጥ ሆኜ አያለሁ። ግን አልወርድም፤ አልጠይቅም። የትምወርቅ ያን የተቆረጠ «ሲል» ከመምህሯ ጠረጴዛ አንሥታ ኖሮ በመኪናው ቁልፍ ላይ አንጠልጥላዋለች፤ ሞተር ባስነሣሁ ቁጥር ቁጥሩ እጄን ይነካኛል።