የጓደኛዬ ወተት

አሰብ፣ በነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኞች ሰፈር አብሮኝ የሚኖረውን ጓደኛዬን ጨጓራው ስላሠቃየው ሐኪም ወተት እንዲጠጣ አዞት ነበር። ወቅቱ ግን የሁዳዴ ጾም ነው። ጠዋት ወተቱን ከፊቱ አንስቼ ደፋሁት። ለነፍሱ ብዬ ነው፤ ከፈለገ ይቀየመኝ! ከዚያ ወዲያ ቃል አልተለዋወጥንም።

ከሰዓት፣ ጓደኛዬ ከመርከበኛ በገዛው ኮምፒውተር የጠፈር ጨዋታ ሲጫወት አላስችል ብሎኝ ከኋላው ቆሜ አየሁ። ካባ የለበሰ ካህን አንዲት ፕላኔት ከነሕዝቧ ያቃጥላል።

«ይሄ እብድ! ወርቅ አይወስድ፣ መሬት አይወስድ፤ ምን ሊያገኝ ነው?» አልኩ።

ጓደኛዬ ዞሮ እንኳ አላየኝም።

«ነፍሳቸውን ላድን ብሎ ነው» አለ። «አንተስ ወተቴን ስትደፋ ምን አገኘህ?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን አልነገርኩትም። ስደፋው ደስ ብሎኝ ነበር።