የልጄ አንጀትና የጓሮዬ ቆጮ

መጀመሪያ ያየሁት ተቅማጥ ነው። ልጄ ምሕረት ከሥራ እንደገባች ቦርሳዋን በር ላይ ጥላ ወደ ሽንት ቤት ሮጠች። ተመልሳ ሳትቀመጥ ደግሞ ሮጠች። «ምሳ ላይ የበላሁት ነገር ይሆናል፣ እማ» አለችኝ። እኔም አመንኳት። ተቅማጥ ምን ይገርማል ብዬ ሕይወት አድን በጥብጬ ሰጠኋት።

ምሕረት እዚሁ ሀዋሳ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ከዚያ ቀደም ብሎ ጥርሷን ታማ ተነቅሎላት፣ የታዘዘላትን እንክብል ጨርሳ ነበር። የድዷ እብጠት አልጠፋ ሲላት አብረዋት የሚሠሩት ልጆች የተረፋቸውን አንቲባዮቲክ ከየቦርሳቸው አዋጡላት፤ ከአንዷ ቀይ፣ ከሌላዋ ቢጫ። በፍቅር ነው የሰጧት። በእኛ ሰፈርም የተረፈ መድኃኒት እንደ ጨው ነው፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይወስደዋል።

ተቅማጡ አልቆመም። ሆዷ ተነፋ። ትኩሳት መጣ። ከዚያ ደም አየሁ። ስጠራት ቆይታ ነው የምትመልሰው። በባጃጅ ወሰድናት። ያቺ ትልቅ ልጅ እቅፌ ውስጥ ቀለለችብኝ። ጌታ ሆይ፣ አትውሰድብኝ አልኩ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ሆስፒታል ግሉኮስ ሰቀሉላት፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደች ጠየቁን፣ ሰገራዋን መረመሩ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ አጠገቤ ተቀምጣ ነው የነገረችኝ።

«እናት፣ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባል ባክቴሪያ ነው። አንጀቷን አቁስሎታል፣ ኮላይተስ እንለዋለን።»

«ከየት መጣባት?»

«ከብዙ ቦታ ሊመጣ ይችላል። ሆዳችን ውስጥ ደግሞ ብዙ ጥሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እነሱ ቦታ ይነሡታል። የወሰደችው መድኃኒት እነሱን ፈጃቸው።» እንዳልገባኝ ከፊቴ አነበበች። «ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ቆጮ እሸጣለሁ።»

«እንግዲያው ያውቁታል! የተፋቀውን እንሰት የሚያብላላው ባክቴሪያ ነው። ጉድጓዱ ላይ በረኪና ቢደፉበት ምን ይሆናል?»

«እግዜር ያሳይሽ! ይበላሻላ።»

«የምሕረት ሆድም እንደዚያ ሆኗል።»

ያንን መድኃኒት ሁሉ አስቆሙ። ቫንኮማይሲን የሚባለውን፣ በመርፌ ይሰጣል ሲሉ የምሰማውን፣ በአፏ እንድትጠጣው አደረጉ። ትኩሳቱ ወረደ። ደሙ ቆመ። ይዣት ቤት ገባሁ።

ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቃት መጣ። በር ላይ ሳኒታይዘር አስቀምጬ የገባውንም የወጣውንም እጁን አስቀባሁ። ሽንት ቤቱን በአልኮል ወለወልኩ። እኔም ከእሷ ጋር ስውል እጄን በዚያው ነበር የማሸው። ንጹሕ ነን ብዬ ልቤ አርፎ ነበር።

ተመለሰባት። ያው ውሃ፣ ያው ትኩሳት። ደግሞ ወደ ሆስፒታሉ ወሰድናት።

ሐኪሟ በምን እንደማጸዳ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ይሄን አልኮል አይገድለውም፣ እናት። ሲጨንቀው ዘር ይሆናል፤ ስፖር ይባላል። ደረቅ ቦታ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ሄደው ያውቃሉ?»

«በቆሎ ቀቅለንበት በልተናል።»

«ውሃው የሚወርድበት ድንጋይ ላይ ያ የሚያንሸራትት አረንጓዴ ነገር አለ አይደል? ከነሕይወቱ ነው፤ ሙቀቱ ይመቸዋል። የምሕረት ባክቴሪያ ግን ሙቀቱ አይመቸውም፤ እንደ አልኮሉ ሁሉ ዘር ሆኖ ተኝቶ ያሳልፈዋል እንጂ። ስለዚህ እጅ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ይውረድ፤ ሽንት ቤቱ በበረኪና።»

«እኔ ነኝ መልሼ ያስያዝኳት?»

«ሆዷ ውስጥ የቀረም ሊሆን ይችላል። ይሄን ማንም አያውቅም።»

መድኃኒቱን እንደገና ጀመሩላት። እኔ ግን ፍርሃት ገባኝ። ቤት ሄጄ አካፋ አነሣሁ፤ የቆጮውን ጉድጓድ ከነእርሾው ልጥለው። ባክቴሪያ የተባለ ነገር ጓሮዬ እንዲያድር አልፈለግኩም። ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ሐያት በአጥር አይታኝ፣

«የምሕረት እናት፣ ምን ልትቀብሪ ነው?» አለችኝ።

«ባክቴሪያ አለበት፣ እጥለዋለሁ።»

«እንግዲያው ባልሽንም ጣዪው፣ እሱም ሳይኖርበት አይቀርም!»

ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ! አካፋውን ይዤ እዚያው ቁጭ አልኩ። ሽታው መጣ፤ ያ የማውቀው ደህና ኮምጠጥ ያለ ሽታ። ሰው ሳያያቸው፣ ያንን የተፋቀ እንሰት ምግብ የሚያደርጉ ፍጥረታት እዚያ ታች እየሠሩ ነው። ከእናቴ እርሾ ተቀብዬ ስንት ዘመን አብረውኝ ኖረዋል፣ ልጆቼን አብልተውልኛል፣ እኔ ግን ስማቸውን እንኳ አላውቅም ነበር። ጉድጓዱን በኮባ ቅጠሉ መልሼ ከደንኩት።

ምሕረት ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ ቀጭን የቡላ አጥሚት፣ ከዚያ ሩዝ፣ ከዚያ ትንሽ ዓሣ እየቀመሰች፣ በጠዋት ክንዴን ይዛ እስከ ሐይቁ ዳር እየሄደችና በየመንገዱ እያረፈች አገገመች። ቆጮ መድኃኒት ይሆናታል ወይ ብዬ ሐኪሟን ብጠይቃት፣ «መድኃኒት አልለውም፤ ምግብ ነው፣ ሲያሰኛት ትብላ» አለችኝ። እውነቱን ስለነገረችኝ የበለጠ ወደድኳት።

ለእናንተ፣ እንደ እኔ በታመመ ልጃችሁ አልጋ ጠርዝ ላይ ለተቀመጣችሁ፣ የምለው ይኼ ነው፦ የተረፈ አንቲባዮቲክ አትስጡ፣ አትቀበሉ። ልጃችሁ እሱን ወስዳ ተቅማጥ ከጀመራት፣ ደም እስክታዩ አትጠብቁ፤ የወሰደችውንም ሁሉ፣ ቀዩንም ቢጫውንም፣ ለሐኪም ተናገሩ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ያቺን ሐኪም፣ ሰገራዋን ሳትጸየፍ የጠረገችላትን ነርስ፣ ያሳቀችኝን ሐያትን እግዚአብሔር ይባርክልኝ። የሆዷንም ጥቃቅን ፍጥረታት አመሰግናለሁ፤ ከዚያ ሁሉ እልቂት የተረፉት ጥቂቶች ናቸው ተባዝተው ቤታቸውን መልሰው የያዙት።

ወደ ሥራ ልትመለስ ስትል ጉድጓዱን አብረን ከፈትነው። እጇን በሳሙና እስከ ክርኗ ታጥባ፣ ከቆጮው ቆንጥራ አሸተተች።

«እማ፣ ደርሷል» አለችኝ። «ርቦኛል።»