ጉድጓድ ውስጥ የቀረው ዮሴፍ

ባለፈው እሁድ የልጅ ልጄ ከቤተ ክርስቲያን ፊቷን አጥቁራ ተመለሰች። ምሳ ቀረበላት፤ አልነካችም። ማን እንዳስቀየማት ስጠይቃት፣ የልጆች አስተማሪያቸው የዮሴፍን ታሪክ ወንድሞቹ ጉድጓድ ውስጥ እስከጣሉት ድረስ ተርካላቸው «የቀረውን ለሚመጣው እሁድ» ብላ እንዳሰናበተቻቸው ነገረችኝ። ለማታ የምከትፈውን ሽንኩርት ትቼ፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ አጠገቧ ተቀመጥኩና ዮሴፍን ከጉድጓድ አውጥቼ፣ ከእስር ቤት አውጥቼ፣ ግብፅ ላይ ሾሜው ተነሳሁ። ልጄ ከውጭ «እማዬ፣ ወጡ አረረ እኮ!» እያለች ትጮሃለች። ይረር። እኔ ባለሁበት ቤት ዮሴፍ ጉድጓድ ውስጥ አያድርም።

አሶሳ የመጣሁት ገና ልጅ እግር መምህርት ሆኜ ነው። ከማሠልጠኛው ስንመረቅ ዕጣ አወጣን፤ ለእኔ አሶሳ ደረሰኝ። የጎጃም ደጋ ሰው የሆነችው እናቴ የሱዳን ጠረፍ መሆኑን ስትሰማ ልቅሶ ተቀመጠች ማለት ይቀላል። እኔ ግን እንደደረስኩ ያየሁት ማንጎ ነበር። በእኛ አገር ማንጎ ለታመመ ሰው የሚገዛ ነገር ነው፤ እዚህ በየደጁ ወድቆ ፍየል ይረግጠዋል። መጀመሪያ ሰሞን ከመሬት እየለቀምኩ ጉያዬን ስሞላ የግቢው ሰዎች ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ፤ የጠገበ ሰው ምን ያውቃል።

ቤተ ክርስቲያናችን በከተማው ዳር የቆመ የቆርቆሮ አዳራሽ ነበር። ከወለጋ የመጣው፣ ከወሎ በሠፈራ የመጣው፣ የባምባሲው ሰው፣ እንደ እኔ በሥራ የተመደበው ሁሉ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። መምህርት ናት ተብሎ ልጆቹ ለእኔ ተሰጡ። የምናስተምረው ከማንጎው ዛፍ ሥር ነው። ግማሾቹ አማርኛ የሚያውቁት ከገበያ የለቀሙትን ያህል ስለነበር የማስተምረው በአፌ ብቻ ሳይሆን በእጄ፣ በዓይኔ፣ አንዳንዴም እየዘለልኩ ነው።

በልጅነቴ እሁድ እሁድ የሬዲዮ ድራማ እከታተል ነበር። በሩ ሲንኳኳ፣ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ሙዚቃው ይገባና ያበቃል። ሳምንቱን ሙሉ ያንን በር ስናስከፍት እንከርማለን። ለእኔ የጥበብ ሁሉ ቁንጮ ያ ነበር። ስለዚህ የዮሴፍ ተራ ሲደርስ በዚያው መንገድ ላስተምር ቆረጥኩ።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ውሃ ይወጣል ተብሎ ተቆፍሮ ውሃ እንቢ ያለው ጉድጓድ ነበረ፤ በሳንቃ ተከድኖ ትልልቅ ድንጋይ ተጭኖበታል። ልጆቹን ወደዚያ ወሰድኳቸው። «ዮሴፍን የጣሉት እንዲህ ያለ ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው» አልኩና በሳንቃዎቹ ስንጥቅ «ዮሴፍ!» ብለው እንዲጣሩ አደረግሁ። ጉድጓዱ ድምፃቸውን መለሰላቸው። ጩኸት በጩኸት ሆኑ። «ይወጣል ወይስ አይወጣም? ለሚመጣው እሁድ!» አልኩና አሰናበትኳቸው። ያልጮኸችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ጫልቱ፣ የለውዝ ነጋዴዋ ልጅ። ዓይኗን ከስንጥቁ ላይ አልነቀለችም። እኔ በራሴ ጥበብ ሰክሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል እንዲሉ፣ በዚያው ሳምንት ወባ ጣለኝ። የክረምቱ መጀመሪያ ዝናብ ገብቶ ነበር። ብርድ ልብስ ደራርቤ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ከዚያ ልብስ ሁሉ አውልቄ እያላበኝ፣ የሚመጣው እሁድ መጣና አለፈ፤ የሚቀጥለውም አለፈ። የሚተካኝ ሰው አልተገኘም። ዮሴፍ የት እንዳለ ያስታወስኩት የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ጋሽ አስፋው ሎሚ ይዘው ሊጠይቁኝ ሲመጡ ነው።

«ልጄ፣ ምን ብለሽ ነው ያስተማርሻቸው እነዚህን ልጆች?» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «እየመጡ በሳንቃው ቀዳዳ ምግብ ይጥላሉ። ዳቦ አየሁ፣ በቆሎ አየሁ፤ ማንጎውንማ ተይው። ዝንቡን ብታይ!»

«አይከለክሏቸውም እንዴ?»

«ከለከልኩ እንጂ! ‹ታዲያ ዮሴፍ ይራበው?› ይሉኛል። ምን ልመልስ? እንደኔ እንደኔ እዚያ ጉድጓድ የጠገበው አይጥ ነው።»

ራሴ እስኪፈነዳ ሳቅሁ። ጋሽ አስፋውም ሳቁ። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ቆም ብለው «ሌሎቹስ ተዉት፤ ሰለቻቸው። አንዷ ግን ጠዋት ጠዋት አትቀርም» አሉ።

ያቺ አንዷ በማግስቱ ከእናቷ ጋር ቤቴ መጣች። የጫልቱ እናት ኦሮምኛ ነው አፏን የፈታችበት፤ አማርኛዋ የገበያ ስለሆነ ሴት ልጇን በወንድ ትጠራታለች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ አድርጊ፣ አሞሻል» አለች። «ልጁ አይተኛም። ዮሴፍ ወጣ ወይ፣ ዮሴፍ ወጣ ወይ ይላል። ጨርሺለት፣ እንሄዳለን።»

ትራስ ተደግፌ ጨረስኩላት። ከጉድጓድ አወጡት፤ ለነጋዴዎች ሸጡት። ቀሚሱን ደም ነክረው ለአባቱ አሳዩት፤ አባቱም ልጄን አውሬ በላው ብሎ አለቀሰ፣ መጽናናትንም እንቢ አለ።

«ግን አልሞተም» አለች ጫልቱ።

«አልሞተም።»

በሩ ላይ ቆማ የነበረችው እናቷ ድንገት «አባቱ ሄዶ አላየም?» አለችኝ።

«አልሄደም። ልብሱን አይቶ አመነ።»

«ጉድጓዱን አላየም?»

«አላየም።»

«ያ ዋቀዮ!» ብላ አምላኳን ጠራችና ደፉ ላይ ቁጭ አለች። «ሰው ሳያይ ያለቅሳል?»

ከዚያ ነገሩን አወጣችው። ትልቁ ልጇ ገመቹ ከገና በኋላ ወርቅ ሊቆፍር ወደ መንጌ ወረዳ ሄዷል። ዝናቡ ሲጀምር አንድ ጉድጓድ ተናደ፣ ልጆች ውስጥ ነበሩ የሚል ወሬ ገበያ ደረሰ፤ የማን ልጆች እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ሌሊት ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንባ ታለቅሳለች፤ ልጅቷ የምትሰማ አልመሰላትም። አሁን ጫልቱን አየቻትና «ሰምቷል ለካ» አለች። ቀጥላም «ነገ መኪና አለ። እኔ ሄዳለሁ። ልጁን ያዢልኝ» አለችኝ።

በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ፍርሃት ዛሬም አይረሳኝም። እኔ ልጅ ላስተኛ ያወራሁትን ሰምታ አንዲት እናት በዝናብ የጭነት መኪና ላይ ልትወጣ ነው። የዮሴፍ መውጣት ለገመቹ ዋስ አይሆንም። የምትፈራውን ብታገኝስ? ማልቀስ ትታ መሄድ የመረጠችን ሴት ምን ብዬ ልመልሳት?

ጫልቱ እኔ ዘንድ ከረመች። ትንሽ ትበላለች፣ ትንሽ ትናገራለች፣ መኪና በጮኸ ቁጥር ትነሳለች። አንድ ቀን ጠዋት ምርኩዝ ይዤ ተከተልኳት። ከግቢያችን ዛፍ ሥር ማንጎ እያነሳች አሸተተች፣ የበሰለውን መረጠች፣ በቀሚሷ ጠረገችው። ጉድጓዱ ዘንድ ስትደርስ ተንበርክካ በስንጥቁ ለቀቀችው፤ ከታች ድምፁ እስኪሰማ ጆሮዋን ሳንቃው ላይ ደገፈች።

«ጫልቱ፣ ዮሴፍ እኮ ወጥቷል። ነገርኩሽ አይደል?»

«አውቃለሁ» አለችኝና እጇን ጠራረገች።

እናቷ የመጣችው ዝናብ ባባራበት አንድ ከሰዓት ነው። አይሱዙው በቀይ ጭቃ እየተንሸራተተ መጥቶ ቆመ። መጀመሪያ እሷ ወረደች፤ ፊቷን አይቼ ምንም ላነብበት አልቻልኩም፣ ጭቃና ድካም ብቻ ነው። ከዚያ ዞራ እጇን ዘረጋች። አንድ ረጅም፣ የከሳ ወጣት፣ አንድ እግሩ በጨርቅ የተጠመጠመ፣ ትከሻዋን ይዞ ወረደ። ጉድጓዱ የተናደው በእርግጥም እነሱ ላይ ነበር። እሱን ጓደኞቹ ጎትተው አወጡት፤ አብሮት የወረደው ልጅ ግን እዚያው ቀረ። እግሩ ተሰብሮ፣ ባዶ እጁን ወደ እናቱ መመለስ አፍሮ፣ የአንድ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ አዛውንት ቤት ተኝቶ ነበር ያገኘችው።

እኔ እልል ልል ተዘጋጅቻለሁ። ጫልቱ ግን አልሮጠችም፤ አላለቀሰችምም። ቀስ ብላ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመችና ቀና ብላ አየችው።

«ማንጎው ደረሰህ?» አለችው።

ልጁ ግራ ገብቶት እናቱን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ቁልቁል ወደ እህቱ ጎንበስ አለ።

«ደረሰኝ» አላት።

እልል ማለቱን ረሳሁት። የዚያን ቀን ያለቀስኩትን ልቅሶ በወባው አሳብቤ አለፍኩ። ኋላ እግሩ ሲድን ገመቹ ራሱ እንዳጫወተኝ፣ አዛውንቱ ቤት እህል አልቆ ስለነበር ያኖሩት ከደጃቸው ዛፍ እያወረዱ ማንጎ አብልተው ነው። ለእህቱ ያላት እንግዲህ ውሸት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ይህን ታሪክ ለብዙ ልጆች ነግሬያለሁ፤ አንድም ቀን አልቆረጥኩትም። ግን በተረክሁ ቁጥር እዚያ የቀረው ልጅ እናት ትዝ ትለኛለች። ስሟን አላውቅም። እሷም ምናልባት አንድ ቦታ ላይ አንድ ነገር ስትጥል ነበር። ለእሷ ምን ብዬ እንደምተርክላት እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ መምህርት ነኝ ብዬ ልሸፍነው አልፈልግም።

እሁድ ዕለት ዮሴፍን ግብፅ ላይ ሾሜ ስጨርስ የልጅ ልጄ የጠየቀችኝ ስለ ፈርዖን አልነበረም። አባቷ ጉባ ነው የሚሠራው፣ ግድቡ ጋ። ከሰሞኑ ስልኩ እንቢ ብሎ ድምፁን አልሰማንም። «አባዬ የሚሠራው ጉድጓድ ውስጥ ነው?» አለችኝ። ምሳው ለምን እንዳልወረደላት ያኔ ገባኝ።

«አይደለም፤ ከላይ፣ ግንቡ ላይ ነው» አልኳት። እውነቱም ይኸው ነው። ትንሽ አሰበችና እህሉን መቅመስ ጀመረች። በመጨረሻ ማንጎ ላጥኩላት። ግማሹን በላች፤ ግማሹን ሳህኑ ላይ መልሳ ወደ መስኮቱ በኩል ገፋ አደረገችው።

«ይሄ የአባዬ ነው» አለች።

እሺ አልኳት። ይደርሰዋል ብዬ አልማልኩላትም። እናቷ ገበታውን ልታነሳ ስትመጣ ግን ያቺን ሳህን እንድትተዋት በዓይኔ ነገርኳት።