ስልኬ ብቻውን የሄደበት በልግ

በዚያ በልግ በሰፈራችን የእኔን ያህል የሄደ ሰው አልነበረም። ስልኬን ካመናችሁት ማለቴ ነው። እኔ ግን ከጠዋት እስከ ቀትር ክፍል ውስጥ ቆሜ ክፍልፋይ የማስተምር የሒሳብ መምህርት ነኝ። ቁጥር ሲዛነፍ ከማንም ቀድሜ ማየት ያለብኝ እኔው ነበርኩ። አይቼውማ ነበር። አይቼም ዝም አልኩ፣ ቁጥሩ ደስ ይለኝ ነበርና።

የምንኖረው ከሞላሌ ወጣ ብሎ፣ መንዝ አልቆ ቆላው ከሚጀምርበት አፋፍ አጠገብ ነው። ከጓሯችን የሚነሳው ሜዳ ሁለት እርሻ ያህል ይሄድና ድንገት ያልቃል። ልጆች ሳለን ወደዚያ ድርሽ እንዳንል አባቴ በአለንጋ ነበር የሚያስፈራሩን። መሪጌታ ነበሩ፤ ለብዙ ዓመት ዜማ አስተምረዋል፣ ድምፃቸው ሲወጣ ሜዳውን ተሻግሮ ይሰማ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታቸው። ከዚያ ወዲህ ግራ እግራቸው ይጎተታል፣ የሚያስታውሱትም እየሳሳ ሄደ። እናቴ መሞቷን ይረሱና «ከገበያ አልተመለሰችም?» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን እነግራቸው ነበር። በየቀኑ እንደ አዲስ ሲያለቅሱ ሳይ ግን «እየመጣች ነው» ማለት ጀመርኩ።

ወንድሞቼ ሩቅ ከተማ ናቸው፤ በስልክ «አይዞሽ» ይሉኛል። ከሩቅ የሚላክ አይዞሽ ምን ያህል እንደሚያናድድ ያየ ያውቀዋል። ትዳር ሞክሬ ትቼዋለሁ፣ ልጅ የለኝም። ስለዚህ ማን ይጠብቃቸው የሚለው ጥያቄ ከመነሳቱ በፊት ተመልሶ ነበር።

አንድ ጠዋት ገና አጥቤ ባለበስኳቸው ጋቢ ላይ አጥሚቱን ደፉት። ትምህርት ቤት ረፍዶብኛል። ትከሻቸውን ይዤ ነቀነቅኳቸው፤ አባቴን፣ በሁለት እጄ። ቀና ብለው አዩኝና ለማያውቁት ሰው በሚናገሩበት ትሕትና «ምን በደልኩዎት?» አሉኝ። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

ከሰዓት በኋላ መድኃኒታቸውን ልወስድ ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ የእኔንም የደም ግፊት ለካች። ድሮ አስተምሬያታለሁ፤ በሒሳብ የማትረባ፣ በልብ ግን አንደኛ ነበረች። «ቲቸር፣ በዚህ ዓይነት ከአባባ በፊት እርስዎ ነዎት የሚተኙት» አለችኝና ስለ አንድ የእሑድ ጨዋታ ነገረችኝ። ቤታቸው ውስጥ በሽተኛ የሚያስታምሙ ሰዎችን ሰብስባ ልታጫውት አስባለች። ሳቅኩባት። እሑድ ግን ሄድኩ።

ስድስት ነበርን። ከቅዳሴ በኋላ ጤና ጣቢያው ጓሮ ክብ ሠርተን እንቆምና ከበግ ጠጉር የተጠቀለለ ኳስ እየሮጥን እንወራወራለን። ኳሱን የጣለ ሰው በሳምንቱ ውስጥ ያናደደውን አንድ ነገር ጮክ ብሎ ይናገራል። ሌላው ደግሞ የእርምጃ ውድድር ነው። ነርሷ በየስልካችን ላይ እርምጃ የሚቆጥር ጨዋታ ጫነችልን፤ የስድስታችንም ቁጥር በአንድ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። በሳምንቱ መጨረሻ ቁጥሩ ያነሰ ሰው ለሁሉም ቆሎ ቆልቶ ይመጣል። ያለው ሽልማትም ቅጣትም ይኸው ነው።

ሰፈሩ መንሾካሾኩ አልቀረም፤ አባቷን አስተኝታ ኳስ ትጫወታለች፣ ያውም በዐቢይ ጾም። ይበሉ! ሚስቱን የሚያስታምም አንድ በግ አርቢ ኳሱን ጥሎ «ያናደደኝማ ሚስቴ ገንፎው ጨው በዛበት ማለቷ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእሷን ስበላ እኔ አንድ ቀን ተናግሬ አውቃለሁ?» ሲል ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

በዚያው እሑድ እናቷን የምታስታምም ዝምተኛ ሴት ኳሱን ጣለች። እናቷ አእምሮዋን ስታ መውጫ መግቢያዋን አታውቅም። «እኔን የሚያናድደኝ ቁልፉ ነው» አለች። «እዚህ ስመጣ በሩን ከውጭ ቆልፌባት ነው። ስቆልፍ ትሰማኛለች።» ሁሉም አቀረቀረ። የእኔ ምላስ መቼ ያርፋል! «ሰው እንደ ከብት ይቆለፍበታል እንዴ? እኔ ብሞት አባቴ ላይ በር አልቆልፍም!» አልኩ፣ በክፍል ድምፄ። ሴትዮዋ ኳሱን አንስታ ለሚቀጥለው ወረወረች።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። መጨረሻ መሆን አልወድም፤ በልጅነቴም በፈተና ሁለተኛ ወጥቼ ምሳ ያልበላሁ ሰው ነኝ። በግ አርቢው ቀኑን ሙሉ ከመንጋው ጋር ሽቅብ ቁልቁል ሲል ስለሚውል ማንም አይደርስበትም። ማታ የአባቴን እግር እያጠብኩ ብሶቴን ዘረገፍኩ። ስለ ውድድሩ፣ ስለ ቆሎው፣ ስልክ እርምጃ ስለመቁጠሩ፣ ሁሉንም። የሚሰሙኝ አልመሰለኝም ነበር።

«ስንት ጎደለሽ?» አሉ።

«ብዙ፣ አባባ። እኔ ቆሜ ነው የምውለው።»

«እህ» አሉና እግራቸውን ከውኃው አወጡ። እኔም ረሳሁት።

ስልኬን ጠዋት ጠዋት ቤት ትቼላቸው ነው የምሄደው። ወረብና ዝማሬ ጭኜበታለሁ፤ እስክመለስ እሱን ሲሰሙ ይቆያሉ። ከእጃቸው እየወደቀ ስላስቸገረ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥዬላቸዋለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወስጄ የቀረውን ቀን ይዤው እዞራለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሬ ከፍ አለ። ማክሰኞ ከሰዓት ስልኩን ከአንገታቸው ሳወልቅ አንድ ሺህ ሁለት መቶ እርምጃ ተመዝግቦ አገኘሁ። እኔ ገና ይዤው አልተራመድኩም። ረቡዕ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሆነ። መደቡ ላይ ሲወዛወዙ የቆጠረው ነው፣ ማሽን ይሳሳታል አልኩ። ተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ቢያመጣልኝ አሠራርህን አሳየኝ እል ነበር። ራሴን ግን አልጠየቅኩም። ሐሙስ የላስቲክ ጫማቸው ላይ እርጥብ ጭቃ አየሁ።

«ደጅ ወጥተው ነበር?»

«ፀሐይ ልሞቅ ወጥቼ ነበር» አሉኝ።

በዚያ ሳምንት ፀሐይ አልወጣችም። የበልጉ ጉም ከቆላው እየተነሳ ከሜዳው ጋር ተጣብቆ ይውል ነበር፤ ከበር ቆሞ አጥር አይታይም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ጭቃውን ጠርጌ ጫማውን በሩ ሥር አስቀመጥኩና ቁጥሬን አየሁ፤ ሦስተኛ ነበርኩ።

እሑድ ሁለተኛ ወጣሁ። አጨበጨቡልኝ። በግ አርቢው ባርኔጣውን አንስቶ «መምህርት፣ በክንፍ ነው እንዴ?» ሲለኝ እንደ ልጅ ፊቴ ጋለ። ያቺ ዝምተኛ ሴት ብቻ አላጨበጨበችም። ወደ ቤት ስንመለስ ጠጋ ብላ «ይህን ሁሉ ስትሄጂ አባትሽን ማን ያይልሻል?» አለችኝ። «እኔ በር ሳልቆልፍም እጠብቃቸዋለሁ» ብያት ፈጠን ብዬ አለፍኳት።

በማግሥቱ ሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ክፍት ስለነበር መድኃኒት ልወስድ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ጉሙ ከመቼውም ይልቅ ወፍሮ ነበር። ነርሷ ክኒኑን እየቆጠረች ስልኳን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና «ቲቸር፣ ዛሬማ በጠዋቱ ሁለተኛ ነዎት። ይመልከቱ» አለችኝ። ስሜ ከበግ አርቢው ሥር ነው። ከጎኑ ያለው ቁጥር እያየሁት ተቀየረ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ተቀየረ።

«ስልክዎ የት ነው?» አለች።

«አባቴ አንገት ላይ።»

ክኒኑን መቁጠር አቆመች። ሁለታችንም ጠረጴዛው ላይ አቀርቅረን ቁጥሩን አየን። ሃያ ጨመረ። አሥራ አምስት ጨመረ። ስድስት ጨመረ። ከዚያ ቆመ። ጠበቅን። አልተነሳም።

«ኔትወርክ ይሆናል» አለች፣ ድምፅዋ ግን እንደዚያ አይልም። እኔ በሩን አልፌ ነበር።

ቤት ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፣ መደቡ ባዶ ነው። የጫማቸው ዳና ከደጃፉ ተነስቶ ወደ ጓሮ ይሄዳል፤ ቀኙ ጥርት ያለ፣ ግራው የተጎተተ። የአንድ ቀን ዳና አልነበረም። በተመላለሰ እግር ሣሩ ተኝቶ ቀጭን መንገድ ወጥቶለት ነበር። እኔ ክፍልፋይ ሳስተምር አባቴ ወደ ገደሉ መንገድ አወጡ። ዳናውን ተከትዬ ሮጥኩ፤ ጉሙ ውስጥ ከፊቴ ሦስት እርምጃ እንኳ አይታየኝም። «አባባ!» ብዬ ስጣራ ድምፄ የትም አልሄደም፤ እዚያው አጠገቤ ቀረ። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

መጀመሪያ የሰማሁት ወረቡን ነው። ስልኩ ይዘምራል። ድምፁን ተከትዬ ስጠጋ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከጫማቸው ፊት አንድ ክንድ የማይሞላ ሣር አለ፤ ከሣሩ ወዲያ ምንም የለም።

«ቀስ በይ፣ አታስደንግጪኝ» አሉ። «መቋሚያዬ ከእጄ አምልጦ ቁልቁል ሄደ። ያለ እሱ መነሳት አቃተኝ።»

ከኋላ ብብታቸው ሥር ገብቼ ወደ ኋላ ሳብኳቸው። ሁለታችንም ጭቃው ላይ ወደቅን። እሳቸው ግን እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙና «ስንት ሆነ?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«እርምጃው ነዋ! እኔ ቁጥሩ አይታየኝም። ያ ባለ በጉ ቀደመሽ ወይስ ቀደምሽው?»

እናቴ መሞቷን የረሱ ሰው ይህን አልረሱም። አንድ ማታ እግራቸውን እያጠብኩ ያልኩትን ይዘው አንድ ሳምንት ሙሉ በማይታዘዝ እግር ሄዱልኝ፤ መንደርተኛው አይቶ እንዳይመልሳቸው በጓሮ በኩል፣ ደልዳላው መሬት ያለው እዚያ ብቻ ነውና ወደ አፋፉ። አለቀስኩ። ልብ የሚያረጋጋ መስሎኝም ዋሸኋቸው። «ቀድሜዋለሁ፣ አባባ። አንደኛ ነኝ።»

ፊታቸው በራ። «እንግዲያው ነገ ጥቂት ብጨምር ማንም አይደርስብሽም» አሉ።

ቤት ካስገባኋቸው በኋላ ጨዋታው አልቋል አልኳቸው። «ጨዋታው የሚያልቀው እሑድ ነው» አሉኝ፤ ቀኑን እንኳ አልሳቱም። ስልኩን ወሰድኩባቸው። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የወንድሜን አሮጌ ዱላ ይዘው ጓሮ በር ላይ አገኘኋቸው። ጎረቤቴን እንድታይልኝ ለመንኳት፤ ዘር እስኪያልቅ እርሻ ላይ ነኝ፣ ከቀትር በኋላ ካልሆነ አልችልም አለችኝ። ሥራዬን እንዳልተው የምንበላው ከእሱ ነው። እስከ እሑድ ድረስ ፈቃድ ጠይቄ ቤት ዋልኩ፤ ከዚያ በላይ ርዕሰ መምህሩ እንደማይፈቅድልኝ ነገረኝ።

እሑድ ቆሎ ቆልቼ ሄድኩ። ሰሌዳው ላይ መጨረሻ ስላልነበርኩ ሁሉም ተገረሙ። ኳሱ ሲደርሰኝ ሆን ብዬ ጣልኩትና የሆነውን ነገርኳቸው፤ ጭቃውን ማየቴን፣ ዝም ማለቴን፣ ሁሉንም። ነርሷ አለቀሰች። በግ አርቢው ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት ያያል። ስንበተን ያችን ሴት ጠብቄ ከጎኗ መራመድ ጀመርኩ።

«ቁልፉን የት ነው የገዛሽው?» አልኳት።

በዚያ ሁሉ ንግግሬ ላይ ልትስቅብኝ ትችል ነበር። አልሳቀችም። «ሞላሌ ገበያ አለ» አለች። «ሁለት መክፈቻ አለው፤ አንዱን ለጎረቤትሽ ስጪ። ምድጃው ውስጥ ፍም እንዳትተዪ። ውኃ አጠገባቸው አስቀምጪ።» ልንለያይ ስንል ደግሞ «ከቆለፍሽ በኋላ ቶሎ ሂጂ። ቆመሽ እንዳታዳምጪ» አለችኝ።

ቁልፉን በዚያው ቀን ገዛሁ፤ አባቴ ማታ «ነገ አዲሱ ሳምንት ይጀምራል» ብለው ዱላውን አልለቅ አሉ። ሰኞ ጠዋት አጥሚታቸውን አጠጣሁ፣ ፍሙን አጠፋሁ፣ ውኃውን መደቡ ላይ አስቀመጥኩ። በሩን ዘግቼ ቁልፉን ስጫን ቀጭ አለ። ከውስጥ «ልጄ፣ በሩን ምን ነካው?» አሉ። መሄድ ነበረብኝ፤ ግን ቆሜ አዳመጥኩ።

ጥቂት ቆይቶ ዱላው መሬቱን ሲነካ ሰማሁ። ከዚያ እግር፣ ከዚያ የሚጎተተው እግር። ከመደቡ ተነስተው በምሰሶው ዙሪያ ሄዱና ወደ በሩ ቀረቡ፤ ራቁ፤ ደግሞ ቀረቡ። አንገታቸው ላይ ስልክ የለም። ኪሴ ውስጥ ነበር። ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ እኔ እቆጥርላቸው ጀመር። ሰባ ላይ ስደርስ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ፤ ሄድኩ።