ለጉልበት የወጣ ሲንቄ

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ያን ዓመት ነገሌ ውስጥ ከአማቴ ጉልበት የበለጠ አሳምሬ የማውቀው ነገር አልነበረም። ሲነሡ ቋ፣ ሲቀመጡ ቋ። ጠዋት ከአልጋቸው ሲወርዱ ድምፁ ጓዳ ድረስ ይሰማኝና የፊት መታጠቢያ ውሃ ይዤ እገባለሁ፤ ሰዓት አያስፈልገኝም ነበር።

አማቴ የጉጂ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሃና እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው አሁን ጉልበታቸው ሰለቸ። ወጌሻ አሽቷቸዋል፣ ቅቤ ተቀብተዋል፣ በፍልውሃ ተዘፍዝፈዋል፤ ከደጃፍ ካለፉ ግን ዓመት ሊሆናቸው ነበር። የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሰው ተሸክሞ ሽንት ቤት የሚወስደኝ ቀን እንዳይመጣ» ይሉኛል፣ ዓይኔን እያዩ። ተሸካሚዋ እኔ መሆኔን ሁለታችንም እናውቃለን።

በዚያው ሰሞን ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለሙከራ ተላከች። ከሰሜን የመጣች ቀጭን ልጅ ናት፤ ኦሮምኛ አንድ ቃል አታውቅም፣ እኔም ሳልጠየቅ አስተርጓሚዋ ሆንኩ። መርፌ የላት፣ ኪኒን የላት። ረቡዕ ረቡዕ ግቢው ውስጥ ግራር ሥር ምንጣፍ ታነጥፍና ጉልበታቸውን የሚያማቸውን የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ «እግር ወደ ላይ!» ትላለች።

«ይቺ ሐኪም ናት ወይስ የስፖርት አስተማሪ?» አሉኝ አማቴ በመጀመሪያው ቀን፣ በጀርባቸው እንደተኙ።

በስድስተኛው ሳምንት ግን ማንንም ሳይደገፉ ከበርጩማ ተነሡ። ተነሥተው ዙሪያቸውን አዩ፤ ማን እንዳነሣቸው የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

ክፉው ወሬ የመጣው ያኔ ነው። ዝናቡ ሊገባ ሳምንታት ቀርተውታል፤ ግራር ደግሞ ጣሪያ አይሆንም። ልጅቱ ክፍል ብትጠይቅ «የለም» ተባለች። ክፍል ካልተገኘ ወደ ሌላ ከተማ ትዛወራለች። እውነቱን ለመናገር የጤና ጣቢያው ሰዎችም ተጨንቀዋል። ወላዱ፣ ወባው፣ የሕፃናቱ ክትባት በር ላይ ተሰልፏል። ጉልበት አይገድልም፤ ስለማይገድል ተራ አይደርሰውም። ሰውን ግን ከነሕይወቱ ቤት ውስጥ ይቀብረዋል።

እንግዲህ በዚያው ረቡዕ ልጅቱ ስታሰናብተን «በሚቀጥለው ሳምንት የትከሻና የሚዛን እንቅስቃሴ እንጀምራለን፤ ሁላችሁም ከቤታችሁ አንዳንድ በትር ይዛችሁ ኑ» አለች። እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩ።

ሴቶቹ ተያዩ። በአገሩ በትር የወንድ ነው፤ ሴት የባሏን በትር አታነሣም። የራሷ የሆነ አንድ በትር ብቻ አላት፤ ስትዳር እናቷ የሰጠቻት ሲንቄ።

«ሲንቄ ለጨዋታ አይወጣም» አለች አንዷ።

«ጉልበት ጨዋታ ነው?» አሉ አማቴ። ነገሩ በዚያው ተቆረጠ።

ሲንቄ የያዙ ሴቶች አብረው ከወጡ ተበድለዋል ማለት ነው። መንገድ አይቆረጥባቸውም፤ የሰማች ሴት ሥራዋን ጥላ ትከተላለች፤ ወንድ እርጥብ ሣር ይዞ ይለማመጣል። ይህን የነገሌ ሰው ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያውቃል። እኛም እናውቃለን። ግን ያን ቀን ጉልበታችንን እንጂ ሌላ አላሰብንም።

ረቡዕ ጠዋት ዘጠኝ ሴቶች ደጃችን ተሰበሰቡ። ባጃጅ ጠራሁ። ባለባጃጁ በትሮቹን ሲያይ «እኔ ምን አድርጌ?» ብሎ ተፈተለከ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። በእግራችን ሄድን። ጉልበታችን ስለሚያመን በቀስታ፣ ትንፋሽ ስለሚያጥረን ያለ ወሬ። ከሩቅ ለሚያየን እንዴት ያለ የቁጣ ሰልፍ!

ገበያው ጋ ስንደርስ ወንዶቹ ተነሥተው ቆሙ። ቅቤ ሻጮቹ ቅላቸውን ለጎረቤት አደራ እየሰጡ ከኋላችን ተሰለፉ። አንዷ ጆሮዬ ሥር መጥታ «አካም!» ብላ ሰላም አለችኝና «ማነው የበደለን?» አለችኝ።

«ማንም፤ ስፖርት ልንሠራ ነው።»

«እሺ እሺ፣ አትንገሪኝ!» ብላ ፊቷን አጨፈገገች። እኔ ሳቄን ለማፈን ነጠላዬን ነከስኩ።

ጤና ጣቢያው በር ስንደርስ መንገዱ ሞልቷል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ እየሮጠ ወጣ። በበጋ ከየት እርጥብ ሣር ይምጣ? ከበሩ አጠገብ ያለውን ጽጌረዳ ገንጥሎ ያዘ፤ እሾኹ ሲወጋው እያየን ነው፣ እሱ ግን አልለቀቀም።

«እናቶቼ፣ ምን አጠፋን?»

ከጀርባው ያቺ ምስኪን ልጅ ምንጣፏን አቅፋ አፏን ከፍታለች። ሁሉም አማቴን አየ። በሲንቄ ፊት አይዋሽም፤ እሳቸውም አልዋሹም።

«እኛ የመጣነው እግራችንን ልናንቀሳቅስ ነው። ከጠየቅክ ግን፣ ዝናቡ ሲመጣ ይቺን ልጅ የት ልታደርጋት ነው?»

«ክፍል የለም እኮ እማማ።»

«ያ የተቆለፈውስ?»

«የተሰበሩ አልጋዎች ናቸው ያሉት።»

«አልጋ ሲሰበር ክፍል ትሰጣላችሁ፤ ሰው ሲሰበር ዛፍ ሥር?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊውም ሳቀ፣ ጣቱን እየመጠጠ። መክፈቻው ስላልተገኘ ቁልፉን ሰበሩት። አልጋዎቹን እነዚያ ከኋላ የተከተሉን ሴቶችና ባሎቻቸው ተሸክመው አወጡ። ልጅቱ «ጎንበስ ስትሉ በጀርባችሁ አይደለም፣ በጉልበታችሁ!» እያለች ስትጮህ እኔ በሁለት ቋንቋ አብሬያት እጮሃለሁ። ያን ቀን እንደሳቅኩ በሠርጌም አልሳቅኩም። ያቺ ቅቤ ሻጭ አልጋ ለማንሣት ጉልበቷን እያጠፈች እስከ መጨረሻው ማን እንደበደለን ስትጠይቀኝ ነበር።

ልጅቱ አልተዛወረችም። ኃላፊው በስሟ የሥራ መደብ አስፈቀደ፤ በክፍሉ በር ላይም በኦሮምኛና በአማርኛ «ፊዚዮቴራፒ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ።

አማቴ ከክረምቱ በኋላ ብቻቸውን አውቶቡስ ተሳፍረው ሻኪሶ ሄዱ። እዚያ ወርቅ ሲቆፍር ወገቡ የጎበጠ ታናሽ ወንድም አላቸው። ይዘውት መጡና ረቡዕ ጠዋት ከሁሉም ቀድመው ከዚያ ክፍል ደጅ ባለው አግዳሚ ላይ አስቀመጡት።